ድንጋይ አዝዬ ለጤናዬ ስሄድ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሸክም አዝሎ ወደ ገበያ የማይሄድ፣ ወደ ወፍጮ የማይሄድ፣ ለሠርግም ለለቅሶም የማያደርስ፣ ዝም ብሎ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ መልሶ የሚያወርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም ነበር። አሁን አይቻለሁ። ሰውየው እኔ ነኝ።

የሸክም ነገር ከተነሣ እኔን የሚያህል ሊቅ በንፋስ መውጫ ከተማ አልነበረም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በእህል መጋዘን፣ ከሚዛን አጠገብ ቆሜ ነው። ስንት ጆንያ ገብስ፣ ስንት ጆንያ ስንዴና ባቄላ በፊቴ እንዳለፈ ፈጣሪ ይወቀው። ታዲያ አንዱንም ተሸክሜው አላውቅም። የእኔ ሥራ «አንሣ!» እና «አውርድ!» ማለት ነበር። ወዛደሮቹ በላብ ሲጠመቁ እኔ ጥላ ሥር ሆኜ «ወገብህን ቀና አድርግ እንጂ! ሸክም በጉልበት ነው እንዴ? በብልሃት ነው!» እያልሁ አስተምር ነበር። ዋና ሳያውቅ ከወንዝ ዳር ሆኖ ዋናተኛ የሚያርም ሰው አይታችሁ የለ? እሱን ነበርሁ።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ሲስተር ትርንጎ የምትባል ነርስ አለች፤ የእስቴ ልጅ ናት፤ ከመካነ ኢየሱስ የመጣች። እጇ ለስላሳ ነው፤ መርፌዋን ሳታውቁት ትወጋችኋለች። ምላሷ ሲወጋችሁ ግን ታውቁታላችሁ።

«አባባ፣ ስኳርዎ ወደ ላይ እያለ ነው» አለችኝ።

«ይበል! እኔ ወደ ታች እያልሁ እሱ ወደ ላይ ካለ ደግ ነው። ከሁለታችን አንዳችን እንደግ።»

አልሳቀችም። «እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?»

«እንዴታ! ከቤቴ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤት ቤቴ። ስመለስ መንገዱም ይረዝማል፤ ግራና ቀኝ ስለምል።»

በዚህ ጊዜ ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ፈረንጆች ናቸው፤ ወንዱም ሴቱም፤ ጠጉሩ እንደ እኔ የነጣም አለበት። ሁሉም ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ተሰልፈው ይሄዳሉ። ላባቸው ይንጠባጠባል። ይስቃሉ።

«ራኪንግ ይባላል። ሸክም አዝሎ መራመድ ነው። ለልብም ለአጥንትም ለስኳርም ጥሩ ነው።»

«ምንድን ነው የጫኑት?»

«አሸዋ፣ ብረት፣ ድንጋይ፤ ያገኙትን።»

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«የትም። ይዘውት ሄደው ይዘውት ይመለሳሉ።»

«ገዥ አጥተው ነው?»

አሁን ሳቀች። ግን እኔ የምሬን ነበር የጠየቅሁ። እዚህ አገር አህያ እንኳ የተጫነችውን ታውቃለች፤ ወደ ወፍጮ ስትሄድና ከወፍጮ ስትመለስ አረማመዷ ይለያል። የትም የማይደርስ ሸክም ግን ምን ዓይነት ሸክም ነው? ተሸካሚውስ መድረሱን በምን ያውቃል? የማወቅ ጉጉት የሚባለው በሽታ ከስኳሩ በፊት ነበረብኝ፤ ለእሱ ደግሞ እስካሁን ክኒን አልተገኘም።

ሲስተር ትርንጎ ይህንኑ ነገር በከተማችን ልትጀምር መሆኑን አጫወተችኝ። በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ቦርሳውን አዝሎ ከከተማ ይወጣና ኮረብታው ላይ ካለችው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ደርሶ ይመለሳል። መምህራን ተመዝግበዋል፤ የባጃጅ ልጆች ተመዝግበዋል።

«እርስዎ ቀስ ብለው በትንሽ ክብደት ይለማመዱ። ሰውነት እንደ ወይፈን ነው፤ በተያዘ ዕለት አይታረስበትም። ለዚህኛው ጉዞ ግን አይደርሱም፤ መንገድ ዳር ቆመው ያጨብጭቡልን።»

እኔን አጨብጭብ! ዕድሜ ልኩን ሌላውን «አንሣ» ሲል ለኖረ ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚቆጠቁጥ አታውቁትም። «መዝግቢኝ!» አልኋት።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ለጥሩወርቅ ነገርኋት። ጥሩወርቅ ነገር ሲገርማት ወገቧን ይዛ ነው የምትሰማ። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ሸክም ፍለጋ ምን አደከመህ? የሙላው ቂም አይበቃህም? እሱን አዝለህ ዙር!»

ሙላው ማለት አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሣ። ከዚያም በፊት አብረን ዳዊት የደገምን፣ አብረን ከየኔታ አለንጋ የሸሸን፣ እሱ እየሸሸ እኔን እያስያዘ ያደግን ነን። እኔ ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ቀን ሙላው ገብሱን ጭኖ መጋዘን መጣ። ሚዛኑ እሱ ካሰበው አሳነሰበት። እኔም ያየሁትን ተናገርሁ። ሙላው ታዲያ ሕዝብ በተሰለፈበት፣ ወዛደር በቆመበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጎደለው ገብሱ አይደለም፤ ሰውየው ነው!» አለ። በቃ። ሚስቴን ቢሰድባት እሷው ትመልስለታለች። ሚዛኔ ግን ከእኔ ሌላ ማን አለው?

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እኔ «ይምጣ» እላለሁ፤ እሱም «ይምጣ» ይላል። በደጁ ላለማለፍ ስል ወደ እርሻዬ የምሄድበትን መንገድ አዙሬያለሁ፤ እንግዲህ ያለ ሲስተር ትርንጎ ትእዛዝ ስንት ዓመት ስፖርት ስሠራ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሙላው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ጉልበቱም ደክሟል። አሁን ልጁ እናኑ ከባሕር ዳር መጥታለች፤ ቤቱን ዘግታ፣ አባቷን ይዛ ልትሄድ። የሚሄዱት ከዚያ ከጉዟችን ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው።

«ሰኞ ከሄደ የምታገኘው በተዝካሩ ነው!» አለችኝ ጥሩወርቅ። «ሂድና ታረቀው።»

«በዳዩ እሱ፣ ሂያጁ እኔ? ከፈለገ ይምጣ።»

«እሺ፤ ይምጣ ስትሉ ሁለታችሁንም ሞት ይመጣባችኋል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልሄድም ያልሁት በአፌ ነው። በሆዴ ግን ያቺ ሰኞ የምትባል ቀን፣ ጤፍ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ሳለ እንደሚመጣ ደመና፣ ከሩቅ ትታየኝ ነበር።

ለማንኛውም ልምምዱን ጀመርሁ። ቦርሳ ስለሌለኝ የልጅ ልጄን የተጣለ የትምህርት ቤት ቦርሳ አነሣሁ። ሮዝ ነው። ከጀርባው የድመት ሥዕል አለበት፤ ድመቷ ትጠቅሳለች። በመጀመሪያ ውኃ የሞላ ትንሽ ጀሪካን ጨመርሁበት። ስራመድ ከኋላዬ ቧጨቅ ቧጨቅ ይላል። ገና ከሰፈር ሳልወጣ ሦስት የጠላ ቤት ወዳጆቼ ተከተሉኝ።

«ጋሼ፣ አረቄ ነው?»

«ውኃ ነው።»

«ውኃ ከሆነ ለምን ይደብቁታል?»

ክዳኑን ከፍቼ አስቀመስኋቸው። ቀምሰው እንኳ አላመኑኝም፤ «ዋናውን ደብቆታል» እያሉ እስከ ዋናው አስፋልት ሸኙኝ።

በማግሥቱ ውኃውን ትቼ ገብስ ሞላሁበት። ገብስ ክቡር ነው፤ ጀርባም ላይ ይመቻል። ገበያው ዳር ስደርስ ግን የሆነ ነገር ከኋላዬ ጎተተኝ። ሲስተር ትርንጎ «ልብዎ ሲጎተት ከተሰማዎት ይቁሙ» ብላኝ ነበርና ቆምሁ። ልቤ አይደለም፤ አህያ ናት። አንዲት ያልታሰረች አህያ ድመቷን ከነጥቅሻዋ እያኘከች ነው። ስሄድ ትከተላለች፤ ስቆም ትበላለች። ባለቤቷ ደርሶ እስኪያላቅቀን ድረስ እኔና እሷ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርነው። ቤቴ ስገባ ጥሩወርቅ ቦርሳውን ከፍታ አየችና «የዘር ገብሴን!» ብላ ጮኸች። ከአህያዪቱ የከፋው እሱ ነበር።

ስለዚህ ወደ ድንጋይ ዞርሁ። ድንጋይ አይጮህም፤ አይበላም፤ ለዘርም አይሆንም። ከወንዝ ዳር አንድ ጥቁር ድብልብል ድንጋይ መርጬ ከተትሁ። ችግሩ የቦርሳው ዚፕ አልዘጋ አለ፤ ድንጋዩ እንደታዘለ ሕፃን አናቱን ብቅ አድርጎ አገር ያያል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ ባዩ ሞኝነቴን ያስመሰከርሁት። እኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው፤ የበደለውን ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ድንጋዩን ይሸከማል፤ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ይቅር ብሎ እስኪያወርድለት ድረስ አያወርድም። ይህን ከእናቴ ወተት ጋር ነው የጠጣሁት። ግን የፈረንጅ ስፖርት ስሠራ የአገሬ ድንጋይም ፈረንጅ የሚሆንልኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ ያገኘኝ የንስሐ አባቴ ነው። በዕድሜ የመጨረሻ ልጄን ያክላል፤ ግን አባት ነውና «ልጄ» ይለኛል፤ እኔም እንደ ልጅ አንገቴን እደፋለሁ።

«ልጄ፣ ምን ሠርተህ ነው?»

«ምንም አባ።»

«ምንም ያልሠራ ሰው ድንጋይ ያዝላል? እኔ ያዘዝሁህ ስግደት ነው፤ ድንጋይ አላዘዝሁም። ሌላ የንስሐ አባት ይዘህብኛል ማለት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ሲስተር ትርንጎ ናት ያዘዘችኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ነርስ ቀኖና የምትሰጥ?»

«ለስኳር ነው አባ።»

መስቀሉን በእጁ እያገላበጠ ትንሽ አሰበ። «ለስኳር ከሆነ፣ ጾሙን በወጉ ብትጾመው ድንጋዩ ባላስፈለገህ።»

ቀጥሎ በቦኖው በኩል ሳልፍ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያደረጉት ግን እኔ እስክሰማ ድረስ ነው።

«ያን የሚያህል ድንጋይ የሚያሸክም በደል ምን ይሆን?»

«ደግሞ ቀን በቀን ነው የሚዞረው። የበደላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው ማለት ነው።»

«የመጋዘኑ ጊዜ ይሆናላ!»

ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ አገሩን ዞረ። አንድ ቀን ከስማዳ በኩል የመጣ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ገበሬ መንገድ ላይ አስቆመኝና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ እኔስ ይቅር ብዬዎታለሁ!»

«ምን አድርጌህ?»

«እንጃ! ብቻ ይቅር ብያለሁ። ይህን ሁሉ ደክመው እያየሁ እንዴት እጨክናለሁ?»

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። በሕይወቴ በነጻ ያገኘሁት ይቅርታ እሱ ብቻ ነው፤ ለየትኛው በደሌ እንደማውለው ግን አጣሁ።

እንግዲህ ብልሃት ፈጠርሁ፤ ድንጋዩን በትንሽ ድንጋይ ለወጥሁ፤ በደሌ ትንሽ እንዲመስል። ሲስተር ትርንጎ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቦርሳዬን በእጇ መዘነችና «ይህማ የቡና ሙቀጫ ዘነዘና እንኳ አያህልም፤ ትንሽ ይጨምሩበት» አለችኝ። ብጨምር ሰዉ «ኃጢአቱ ጨመረ» ሊል፤ ብቀንስ ስኳሩ ሊጨምር። በጤናና በክብር መካከል እንዲህ ስዋዥቅ የጉዞው ቅዳሜ ደረሰ። ለዚያ ቀን ትልቁን ጥቁሩን ድንጋይ መልሼ ከተትሁ፤ የፈለገ ይበል ብዬ።

ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ብርዱን ሳታሸንፈው፣ ቦርሳ ያዘለ ሕዝብ አደባባዩ ላይ ተሰበሰበ። እኔም ልማዴ አልለቅ አለኝና የእያንዳንዱን ቦርሳ በእጄ እያነሣሁ «ይህ ቀለለ፤ ይህ ከበደ፤ አንተ መምህር ደግሞ ጋዜጣ ነው የሞላኸው» እያልሁ ስመዝን የባጃጅ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሲስተር ትርንጎ «እንግዲህ ማንም ከማንም አይሽቀዳደም!» ብላ አስጠነቀቀችና ጉዞ ተጀመረ።

ቁልቁለቱን እኔ መራሁ። ቁልቁለት ላይ መሪ መሆን ቀላል ነው፤ ድንጋዩ ከኋላ ይገፋል። ዳገቱ ሲጀምር መምህራኑ አለፉኝ። ቀጥሎ የባጃጅ ልጆቹ አለፉኝ። ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር በግ አለፈችኝ። ይህን ጊዜ ነው የቦርሳው ማንገቻ ጨርር ብሎ የተበጠሰው። ድንጋዩ ዱብ አለና ወደ ኋላ እየተንከባለለ በጓን አስበርግጎ ከቦይ ውስጥ ገባ።

ሲስተር ትርንጎ ከፊት ሆና ዞር አለች። «ይተዉት አባባ! ባዶዎን ይምጡ!»

ባዶዬን! የስንቱን ቦርሳ ቀለለ ብዬ አቃልዬ፣ ባዶዬን! ሮዙን ቦርሳ በቀረችው ማንገቻ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁ፤ ድንጋዩን ከቦዩ አውጥቼ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። እነሱ በሰፊው መንገድ ዞረው ከዓይኔ ተሰወሩ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሐሳብ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሲደክመኝ ነው። በልጅነቴ የማውቃት አቋራጭ አለች፤ በእሷ ከወጣሁ ቀድሜያቸው ከኮሶዋ ሥር ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሲደርሱም አጨበጭብላቸዋለሁ።

አቋራጯ በሙላው ደጅ ነው የምታልፈው። አልረሳሁትም። ግን የገበያ ቀን ነው፤ ሙላው ደግሞ ታሞ እንኳ ገበያ አይቀርም። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር፣ ሰኞ አገሩን ለቅቆ የሚሄድ ሰው ገበያ ወርዶ ምን ይገዛል?

ከአጥሩ ጥግ ብቅ ስል ሙላው ደጁ ላይ፣ ካቡ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እሱ አየኝ። እኔም አየሁት። ከትከሻዬ ያለውንም አየ።

ተመልከቱልኝ እንግዲህ ጉዴን! ድንጋዩን ብጥለው በሰው ደጅ ድንጋይ መወርወር ነው፤ ጠብ ነው። ተሸክሜው ዞር ብል «ለዕርቅ መጥቶ ከደጅ ተመለሰ፤ ልቡ ደነደነ» እባላለሁ። «የለም አበልጄ፣ እኔ እንኳ ለስኳሬ ነው» ብለውስ? ካላመነኝ ውሸታም ነኝ፤ ካመነኝ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ልናገር ብል ትንፋሹ ከየት ይምጣ? ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ዕንባ እየሆነ ይወርዳል።

እናኑ ከቤት ብቅ አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያም እልልታዋን አቀለጠችው። «ጋሼ መጡ! ድንጋይ ተሸክመው መጡ! እልልልል!»

ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሙላው ከካቡ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከዘራውን ተደግፎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ምን ልሁንልህ?» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

«እ... እ...» አልሁ። ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

«ወይኔ! ዕንባ ተናንቆት እኮ ነው!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ሙላው፣ ይቅር በለው!»

ሙላው ራሱን አከከ። «ቆይ እስቲ፤ ላስብበት።»

ከዓይኑ ጥግ ያቺን የድሮዋን ተንኮል አየኋት፤ የኔታ እኔን ሲይዙኝ እሱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ የሚያሳየኝን። ዙሪያዬን አንድ ጊዜ ዞረኝ። ድንጋዩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ከብዶሃል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በሚዛን ነው በግምት?»

«ኧረ ተው ሙላው! ሰውየው ሊሞትብህ ነው!» አሉት ጎረቤቶቹ። እኔም በሆዴ «ኧረ ንገሩልኝ!» እላለሁ።

ይህ ሲሆን ከበስተጀርባዬ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሲስተር ትርንጎ ወደ ኋላ ዞር ብላ ስታጣኝ ጊዜ «ሽማግሌው ወድቆብኝ ይሆናል» ብላ ሕዝቡን ሁሉ በአቋራጯ መልሳ ልትፈልገኝ መጥታለች። መምህራኑ፣ የባጃጅ ልጆቹ፣ ሁሉም ከነሸክማቸው፣ ከነላባቸው፣ ከኋላዬ ተሰልፈው ቆሙ። የአንዱ ቦርሳ ተከፍቶ ድንጋዩ ይታያል።

የሙላው ፊት ተለወጠ። «ይህ... ይህ ሁሉ ሰው?»

«አየህ!» አለች ያቺ ጎረቤት ደረቷን እየደቃች። «አገር ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ለመነህ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ሲስተር ትርንጎ ግራ ገብቷት «አባባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ? እኛ እኮ ለስ...» ስትል ከነድንጋዬ እግሯን ረገጥሁላት። ብልህ ልጅ ናት። እኔን አየች፣ ሙላውን አየች፣ ዙሪያውን አየች፤ ከዚያም አንገቷን ደፋች። እሷ ስትደፋ መምህራኑ ደፉ። የባጃጅ ልጆቹ እንኳ፣ ለትራፊክ ፖሊስ አንገት ደፍተው የማያውቁት፣ ደፉ።

ሙላው ከዘራውን ጣለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻዬ አወረደና «ይቅር ለእግዚአብሔር!» አለ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር!» አልሁ፤ ድምፄ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ወረደ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። እናኑ ለመንገድ ያዘጋጀችውን ዳቦ ቆረሰች፤ ጎረቤት ጠላ አመጣ፤ ሸክም ሁሉ ካቡ ሥር ተከመረ። ወደ ኮሶዋ ዛፍ የሄደ ማንም የለም። ሲስተር ትርንጎ ጠላ አልጠጣም ብላ ውኃ ይዛ ከአጠገቤ ተቀመጠችና በጆሮዬ «ዝግጅቴን አበላሹብኝ» አለችኝ። ዓይኗ ግን እየሳቀ ነበር።

ቤቴ ስገባ ጥሩወርቅ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ፊቷ በርቷል። እውነቱን ነገርኋት፤ ለስፖርት እንደ ነበረ፣ አቋራጩ እንደ ከዳኝ። «ዝም በል!» አለችኝ። «ደግመህ እንዳትናገራት!»

ግን ነገሩ ከነከነኝ። የሰው ከብት በስህተት ከበረቱ ገብቶለት «የኔ ነው» እንዳለ ሰው ሆንሁ። እንዲህ ያለ ዕርቅ ይያዛል? ወይስ ሙላው ሰኞ ሲሄድ እኛ እንደተጣላን ነው የሚሄደው፣ እሱ ሳያውቅ? በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁት።

«አባ፣ ሳያስቡት የታረቁት ዕርቅ ይጸናል?»

«ስትጣሉስ አስባችሁ ነበር?» አለኝና መስቀሉን አሳልሞኝ ሄደ።

መልስ ነው አይደለም እያልሁ ቤቴ ገብቼ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ ጥሩወርቅ ከውጭ ጠራችኝ። «አንተ ሰውየ፣ ና እስቲ ተመልከት!»

ወጣሁ። ሙላው ነው። ዳገቱን እየወጣ ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ደልድሎ፣ በላዩ ድንጋይ አስቀምጦ። ትንሽ ይሄዳል፤ ይቆማል። እናኑ ከኋላው «አባዬ፣ ላግዝህ!» ትላለች፤ እሱ በከዘራው «ወግጂ!» ይላታል። ደጄ ደርሶ ቆመ።

«አበልጄ፣ ምን ሆነሃል? ትናንት ታርቀን የለም ወይ?»

«ትናንትማ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «አንተ ለስኳርህ ነው የመጣኸው።»

ደነገጥሁ። «ሲስተሯ ነገረችህ?»

«ማን ይነግረኛል? አላውቅህም እንዴ? ፊትህ የሚለምን ሰው ፊት አልነበረም፤ አለልክ የተጫነ አህያ ፊት ነበር። ደግሞ ለዕርቅ የሚመጣ ሰው ሮዝ ቦርሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አይመጣም።»

«ታዲያ ለምን ይቅር አልኸኝ?»

«ስንት ዓመት ስጠብቅህ ኖሬ፣ ከነድንጋይህ ደጄ ስትቆም፣ ተሳስተሃል ብዬ ልመልስህ?» ድንጋዩ ተንሸራተተና አስተካከለው። «የዛሬው ግን የእውነት ነው። ያን ቀን ከመጋዘን ተመልሼ ጆንያዬን ስገለብጠው አይጥ በስታዋለች። ገብሴን በመንገድ ሙሉ ስዘራ ነው የመጣሁት። ሚዛንህ ልክ ነበር። በማግሥቱ ልመጣ አሰብሁ፤ አፈርሁ። ከዚያ ወዲያማ መዘግየቴ ራሱ ሌላ ሀፍረት ሆነ። ሰኞ ይህን ይዤ ባሕር ዳር አልሄድም። ይቅር በለኝ።»

እኔ ቀኑን ሙሉ ላሾፍበት የምችል ሰው ነኝ። «ቆይ፣ ላስብበት» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ተራዬም ነበር። ግን ድንጋዩ እንደገና ከትከሻው ሲንሸራተት አየሁ። ሮጥሁ፤ መሮጥ ከተውሁ ስንት ዘመኔ! «ይቅር ለእግዚአብሔር!» እያልሁ ድንጋዩን በሁለት እጄ ከትከሻው ተቀበልሁት።

እጄ ዕድሜ ልኩን ከሚዛን አጠገብ ኖሯል፤ አይሳሳትም። የእሱ ድንጋይ ከእኔ ድንጋይ ይከብድ ነበር።